ለአንድ ማንጎ የወጣ የሙከራ ፈቃድ

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ራሴ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ካልነገርኳችሁ የሚከተለውን ሁሉ ፈጠራ ነው ትላላችሁ። እኔ ፈቃድ መጠየቅ የምወድ ሰው ነኝ። ባጃጅ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠውን ሰው «እግሬን ትንሽ ልዘርጋ?» እላለሁ። በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ገበታዬ ላይ፣ ባለቤቴን «ወጥ ልጨምር?» ብዬ ነው የምጨምረው። ይህ ምንም አይደለም። እሷን ላገባ በፈለግኩ ጊዜ ሽማግሌ ከመላኬ በፊት ራሴ አባቷ ዘንድ ሄጄ «ሽማግሌ ልላክ ወይ?» ብዬ አስፈቅጃለሁ። ሰውየው ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ልጄ፣ ሽማግሌ እኮ የሚላከው ለዚሁ ነው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ እንደ ጤነኛ ሰው አይተውኝ አያውቁም።

ምናልባት ከሥራዬ የመጣ አመል ይሆናል። በአንድ ኮሌጅ ሬጅስትራር ቢሮ ውስጥ ከመስኮት ኋላ ተቀምጬ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ተማሪ ወረቀቱን በመስኮቱ ያስገባል፤ እኔ አገላብጬ አየውና «አንድ ማኅተም ይጎድላል» ብዬ እመልሰዋለሁ። ክፉ ሆኜ አይደለም፤ ማኅተሙ ስለሚጎድል ነው። ማኅተሙ ሲሟላ ፋይሉን እዘጋለሁ፤ ያኔ የሚሰማኝን ደስታ ለማንም ነግሬ አላውቅም። ያልተዘጋ ፋይል ካለብኝ ደግሞ እህል አይወርድልኝም። ባለቤቴ ሽሮዬን ገፋ ሳደርግ ስታይ «ዛሬ ደግሞ የማን ልጅ ፋይል ነው?» ትለኛለች።

እንግዲህ እንዲህ ያለው ሰው ነው የእማማ ይታይሽን ማንጎ ላድን ብሎ የተነሳው።

እማማ ይታይሽ አከራያችን ናቸው። ግቢያቸው ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ አፍ ላይ ነው፤ ከኋላ አጥሩ እስከ ውኃው ሠላሳ እርምጃ አይሞላም። መካከሉ ላይ አንድ ትልቅ ማንጎ ቆሟል። ታሪኩን ለእያንዳንዱ ተከራይ ገና ዕቃ ሲያወርድ ይነግሩታል። በወጣትነታቸው ከባለቤታቸው ጋር ተጣልተው ወደ እናታቸው ቤት ይሄዳሉ። ሰውየው ሽማግሌ በመላክ ፈንታ ግቢው ውስጥ የማንጎ ችግኝ ይተክሉና «ይህ አፍርቶ እስክበላው ካልተመለስሽ ሌላ አገባለሁ» ብለው ይልኩባቸዋል።

«ማንጎ ለማፍራት ስንት ዓመት እንደሚፈጅ አሳምሮ ያውቃል» ይላሉ እማማ። «ቀኑን ለኔ ብሎ ነው ያራዘመው። እኔ ግን በሳምንቱ ተመለስሁ። መጥቸ ሳየው ችግኙን ውኃ እንኳ ሳያጠጣው ጠውልጓል። እኔ ነኝ ያዳንሁት።»

ሰውየው ካረፉ ቆይተዋል። እማማም ጥርሳቸው አልቋል። «ከዚህ ዓለም እህል የቀረኝ ይኸ ማንጎ ነው» ይላሉ፤ በግንቦት ከዛፉ ሥር ተቀምጠው ማንጎ ሲመጥጡ ማየት፣ እንኳን እሳቸውን የሚያያቸውንም ሰው ያጠግባል።

ጥቅምት ላይ ቅጠሉ ዱቄት የተነሰነሰበት መሰለ። ጠጋ ብለን ስናይ ዱቄቱ ነፍስ አለው። ነጫጭ፣ ከሰናፍጭ ፍሬ ያነሱ፣ ቅጠሉ ላይ ተለጥፈው ጭማቂውን የሚመጥጡ ተባዮች ናቸው። አልፎ አልፎ የተንጠለጠለውም ፍሬ ቀይ ቀይ ነጠብጣብ አውጥቶ ሳይበስል ይረግፍ ጀመር።

ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት አመለከትኩ። ያመለከትኩት እኔ ነኝ፤ ኃጢአቴን አልደብቅም። አቶ ይበልጣል የሚባሉ የሰብል ጥበቃ ባለሙያ መጡ። ረጋ ያሉ፣ ንጹሕ፣ ሸሚዛቸው የተተኮሰ ሰው ናቸው። ቅጠሉን በአጉሊ መነጽር አዩ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከቦርሳቸው ቀይ ቀለም አወጡና ግንዱ ላይ ትልቅ የኤክስ ምልክት አደረጉበት።

«ወደ ሌላ ግቢ እንዳይዛመት፣ ክረምት ሳይገባ ይቆረጣል» አሉ።

«ምኑ?» አሉ እማማ።

«ዛፉ፣ እማማ።»

እማማ ሄደው ከዛፉ ሥር ተቀመጡና ነጠላቸውን ዓይናቸው ድረስ ሳቡት። እኔ «ሌላ መፍትሔ የለም?» ብዬ ጠየቅኩ።

«ከሱቅ የሚገዛውን መርዝ እዚህ ውኃው ዳር መርጨት ክልክል ነው» አሉ አቶ ይበልጣል። «ሌላ ያልተመዘገበ ነገር እንሞክር ካላችሁ ደግሞ የሙከራ ፈቃድ ማውጣት ያስፈልጋል።»

ፈቃድ የሚለውን ቃል ስሰማ ወገቤ ቀጥ አለ። ከአጥር ወዲያ ጀልባ የሚሠሩት ጎረቤታችን ጋሽ ሰይድ አንገታቸውን ብቅ አድርገው «ምነው፣ በሳሙና ውኃ ቅጠል በቅጠል ብናጥበው አይለቅም? እኔ የጀልባ ሆድ የማብስበት ጨርቅ ሞልቶኛል» አሉ። እኔ ሳቅኩ። «ጋሽ ሰይድ፣ ይሄ እኮ ሳይንስ ነው» አልኳቸው። ይህን ሳቄን ያዙልኝ፤ ኋላ ያስፈልገናል።

ሳይንሱን ከስልኬ አገኘሁት። የብርብራ ፍሬ ተቀጥቅጦ፣ ተዘፍዝፎ፣ ተጣርቶ ቢረጭ ለተባይ ይሆናል ይላል። ቅዳሜን ስቀጠቅጥ ዋልኩ፤ ባለቤቴ ሙቀጫዋን ዳግመኛ ቤት አላስገባችውም። የወጣውን ውኃ በጠርሙስ ሞልቼ፣ አሽጌ፣ «ደርሻለሁ» ብዬ ወደ አቶ ይበልጣል ቢሮ ሄድኩ።

«የመድኃኒቱ ስም?» አሉ ቅጹን እየሞሉ።

ስም አልነበረውም። «የብርብራ ውኃ» አልኩ።

«እሱ ይዘቱ ነው። ስሙን ነው የጠየቅኩዎት።»

በመስኮት በኩል ሐይቁ ይታያል። «ጣና አንድ» አልኩ። ሁለት ሳይኖር ለምን አንድ እንዳልኩ እስከ ዛሬ አስረዳኝ ያለኝ የለም። ቀጥሎ ጠርሙሱ ላይ የራስ ቅል ሥዕል ያለበት ማስጠንቀቂያ እንዲለጠፍ ተባልኩ። ሥዕል ስለማልችል የሠራሁት የራስ ቅል ፈገግ ያለ ሆኖ ቀረ፤ አቶ ይበልጣል «ይህ አያስፈራም» ብለው መለሱት። ሦስተኛው ላይ አለፈልኝ።

ከዚያ ሳይረጭ የሚቀር ማነጻጸሪያ ዛፍ አስፈለገ። ያለን አንድ ዛፍ ነው። ከብዙ ክርክር በኋላ የዛፉ ምሥራቅ ወገን ይረጫል፣ ምዕራብ ወገን ለማነጻጸሪያ ይቀራል ተባለና መካከሉ ላይ ሲባጎ አሰርን። ተባዮቹ ሲባጎውን እንዳያልፉ ኃላፊነቱ የአመልካቹ ነው የሚል ዓረፍተ ነገርም ፈርሜያለሁ።

ከዚያ የረጪነት ሥልጠና። ሠልጣኙ እኔ ብቻ ነበርኩ። በመጋቢት የባሕር ዳር ፀሐይ ከእግር እስከ ራስ ላስቲክ ለብሼ፣ መነጽርና ጭንብል አድርጌ፣ የቢሮውን አጥር ግማሽ ቀን ንጹሕ ውኃ ስረጭ ዋልኩ። ስጨርስ የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ፤ ልብሱን ለመቀየር ቦታ ስላልነበረ እንዳለሁ ወጣሁ። ባጃጆች አንድ ሁለቱ ቆም ብለው አዩኝና ነድተው ሄዱ። እስከ ቤት በእግሬ ተጓዝኩ፤ ሰላም ያለኝ አንድም ሰው የለም።

ግን ሥልጠናውን አስቀደምኩት እንጂ፣ ከእሱ በፊት፣ ገና በታኅሣሥ፣ አንድ ከባድ ነገር ነበር። የጎረቤት ስምምነት። ጎረቤት ማለት ጋሽ ሰይድ ናቸው።

ወረቀቱን ይዤ ስሄድ የተገለበጠ ጀልባ ሥር ሆነው ስንጥቁን በሬንጅ ይደፍኑ ነበር። ወረቀቱን አነበቡና መዶሻቸውን አስቀመጡ።

«ብርብራ ነው የምትለኝ?»

«አዎ፣ ለማንጎው ነው። ተፈጥሯዊ ነው።»

«ብርብራ ምን እንደሚሠራ ታውቃለህ? አባቴ በልጅነቴ ወንዝ አፍ ወስዶ አሳይቶኛል። ቀጥቅጠው ይበትኑታል፤ ከዚያ ዓሣው ሆዱን ገልብጦ ይነሳል። ትልቁም፣ ጫጩቱም፣ የማይበላውም። አባቴ ያን ቀን አይቶ ከእንግዲህ አልነካውም ብሎ ማለ፤ ወላሂ እስኪሞት አልነካም። አንተ ደግሞ ክረምት ሲመጣ ጎርፉ ወዴት የሚወርድ መሰለህ?» አሉና ወደ ውኃው አመለከቱ። ከዚያ ዓይናቸው ስሙ ላይ ወደቀ። «ጣና አንድ? መርዙን በባሕሩ ስም ጠራኸው?»

አልፈርምም አሉ። ሦስት ሳምንት ተመላለስኩ። ባለቤቴ ልካኝ ልጆቻቸው ያጠመዱትን ቆሮሶ ዓሣ ልገዛ ስሄድ እንኳ ወረቀቱን ከኪሴ አውጥቼ እሞክራለሁ፤ ዓሣውን ይሰጡኛል፣ ወረቀቱን ይመልሱልኛል። አንድ ቀን ግን ድንገት «ይኸ ወረቀት ስንት ጊዜ ይፈጃል?» አሉኝ።

«ወደ በላይ ሄዶ እስኪመለስ ሦስት አራት ወር።»

«አራት ወር?» ፊታቸው በራ። «ደግ ነው። ወዲህ በለው።» ፈረሙ። ፊርማቸውን አግኝቼ ስለ ፈገግታቸው መጠየቅ ረሳሁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ወራት እንዴት ላውራላችሁ። ጠዋት ከሥራ በፊት ቢሮ፣ በምሳ ሰዓት ቢሮ፣ ከሥራ በኋላ ቢሮ። አንዱ ክፍል ፊርማ አለ፣ ማኅተሙ የለም። ሌላው ጋ ማኅተም አለ፣ የያዘው ሰው ስብሰባ ላይ ነው። አንድ ቀን አንዲት ልጅ በመስኮት ወረቀቴን አገላብጣ «አንድ ማኅተም ይጎድላል» አለችኝ። ድምፅዋ የኔው ነበር። ያን ቀን የተናደድኩትን ያህል ተናድጄ አላውቅም፤ ደግሞ ልክ ነበረች። እሑድ እሑድ የሙከራ ዕቅድ እጽፋለሁ። ዛፉን ለማዳን ስሮጥ ቀና ብዬ ዛፉን ያየሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ሚያዝያ ላይ ፈቃዱ መጣ። አራት ማኅተም! እማማ ይታይሽን ጠርቼ አሳየኋቸው። «እሰይ፣ ልጄ፣ ደከምህ» አሉ፤ ግን ወደ ዛፉ ሳይሆን ወደ ጋሽ ሰይድ አጥር ሲያዩ ልብ አላልኩም።

ላስቲኬን ለበስኩ። ከመርጨት በፊት ተባዩ መቆጠር አለበትና አጉሊ መነጽር ይዤ ከዛፉ ሥር ቆምኩ። አንድ ቅጠል ሳብኩ። ባዶ ነው። ሌላ ሳብኩ። ባዶ። ከሲባጎው ወዲህ ባዶ፣ ከሲባጎው ወዲያ ባዶ። ቅጠሉ ያብረቀርቃል፤ በመካከሉ አረንጓዴ ማንጎ ዘለላ ዘለላ ተንጠልጥሏል። እውነቱን ልናገር፤ ደስ ማለት ሲገባኝ አዘንኩ። ጭንብሌን አውልቄ እንደገና አየሁ። የሉም።

ለአቶ ይበልጣል ደወልኩ። «ተባዮቹ ጠፍተዋል» አልኩ።

«መቼ ነው የሚመለሱት?»

«ጠፍተዋል እኮ ነው የምልዎ። ዛፉ ድኗል። ኤክሱ ይነሣልን።»

«ወንድሜ፣ ኤክሱ የሚነሣው የሙከራው ውጤት ሲቀርብ ነው። ተባይ ከሌለ ሙከራ የለም፤ ሙከራ ከሌለ ውጤት የለም። ውጤት ከሌለ ክረምት ሳይገባ መቁረጡ ይቀጥላል።»

«የዳነ ዛፍ?»

«ዛፉ እንደዳነ የሚገልጽ ቅጽ የለንም።»

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ እንደነበር አላውቅም። እኔ ያሰብኩትን ስነግራችሁ ግን አትፍረዱብኝ። ተባይ ካስፈለገ ተባይ አመጣለሁ አልኩ። ትንሽ፣ ለቆጠራ ያህል። ከዚያ እረጫለሁ፣ ይሞታሉ፣ ወረቀቱ ይሞላል፣ ኤክሱ ይነሣል፣ ፋይሉ ይዘጋል። በእርግጥ በመጀመሪያ ደውዬ ጠየቅኩ። «ተባይ ከቦታ ቦታ ለማዘዋወር ፈቃድ ያስፈልጋል?» አልኩ። ያስፈልጋል፤ እሱም ሦስት ወር ይወስዳል።

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ፈቃድ አንድ ነገር ለማድረግ ወሰንኩ።

አንበሳሜ አካባቢ አንድ የሥራ ባልደረባዬ አባት ማንጎ አላቸው፤ በዚያው ተባይ ነጥቷል ሲል ሰምቻለሁ። ቅዳሜ ከባልደረባዬ ጋር በሚኒባስ ሄድኩ። ሽማግሌው የታመመ ቅርንጫፍ ፈልጌ መምጣቴን ሲሰሙ ልጃቸውን ለብቻ ጠርተው «ሰውየው ደህና ነው?» ብለው ጠየቁት። ያም ሆኖ ምርጡን፣ ነጭ የለበሰውን ቆርጠው ሰጡኝ። በላስቲክ ከረጢት አስሬ ጭኔ ላይ አድርጌ ተመለስኩ። ፍተሻ ባለበት ሁሉ ላብ ይወርደኝ ነበር። አንድ ፈታሽ ከረጢቱን ከፍቶ አየና «ቅጠል ነው» ብሎ መለሰልኝ።

ግቢው ደረስኩ። በሩን ገፋ አድርጌ ስገባ ምን አየሁ? ጋሽ ሰይድ ማንጎው ላይ መሰላል አስደግፈው ወጥተዋል። ትከሻቸው ላይ ጨርቅ፣ ክንዳቸው ላይ የተንጠለጠለ ባልዲ፣ ባልዲው አረፋ። እማማ ይታይሽ ከሥር ዝቅ ያለውን ቅጠል አንድ በአንድ እያበሱ «ከጀርባው፣ ሰይድ፣ ከጀርባው ነው የሚደበቀው» ይላሉ።

ሲያዩኝ ደነገጡ። ጋሽ ሰይድ ባልዲውን ከኋላቸው ሊደብቁ ሞከሩ፤ መሰላል ላይ ሆኖ ባልዲ መደበቅ አይቻልም።

«ለመሆኑ ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኩ።

«ከፈረምሁልህ ቀን ጀምሮ» አሉ ጋሽ ሰይድ። «በሳምንት ሁለት ቀን አጠብነው። የባሰውን ቅርንጫፍ ቆርጨ አቃጠልሁት። ያች ጠርሙስህ እንዳትከፈት ብየ ነው።»

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

እማማ ጨርቁን በሁለት እጃቸው ይዘው መሬት መሬት አዩ። «ልጄ፣ ፈራንህ» አሉ። «ብንነግርህ የማጠቢያ ፈቃድ ልታወጣ ትሄድብን ነበር።»

ለክፉ አላሉትም። በዚያ ላይ እውነት ነው፤ እሄድ ነበር።

«አንተስ ምን ይዘህ መጣህ?» አሉኝ ከረጢቱን እያዩ።

መዋሸት አልቻልኩም። ፈታሁት። እማማ ነጩን ቅጠል አዩና ቀና ብለው ወደኔ ተመለከቱ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «ወደዚሁ ዛፍ?» ብቻ አሉ። እኔ ያን ያህል ያፈርኩበትን ቀን አላስታውስም። ላድንላቸው የተነሣሁትን ዛፍ፣ ለወረቀት ስል መልሼ ላሳምመው ከአንበሳሜ ድረስ በሽታ ተሸክሜ መጥቻለሁ። ጋሽ ሰይድ ከመሰላሉ ወረዱ፤ ከረጢቱን ከእጄ ወስደው ሬንጅ ከሚያቀልጡበት እሳት ውስጥ ጨመሩት። ነድዶ እስኪያልቅ አጠገቡ ቆሙ።

ሰኞ አቶ ይበልጣልን ጠርቼ ሁሉንም ነገርኳቸው። መጥተው ዛፉን ዞሩት፤ በመነጽራቸው ብዙ ቅጠል አዩ። ከዚያ የውጤት ቅጹን አወጡ። ቅጹ ላይ ሁለት ሣጥን አለ፤ «ውጤታማ» እና «ውጤታማ ያልሆነ» የሚል።

«እዚህ ውጤታማ የሚለው ላይ ምልክት ያድርጉና እንገላገል» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ኤክሱ ይነሣል፣ ፋይሉም ዛሬውኑ ይዘጋል።»

ዛሬውኑ ይዘጋል! እስክሪብቶ አነሳሁ። ጋሽ ሰይድ ክንዴን ያዙኝ።

«ያችን ወረቀት የሚያነብ ሁሉ፣ ጣና አንድ ማንጎ አዳነ ብሎ ብርብራውን እየቀጠቀጠ ወደ ዳር ይወርዳል። ከዚያ እኔና ልጆቼ ምን እንበላለን?»

እውነታቸውን ነው። እስክሪብቶዬን ወደ ሁለተኛው ሣጥን አዞርኩ።

«ውጤታማ ያልሆነ ካሉ ደግሞ» አሉ አቶ ይበልጣል፣ «ዛፉ ይቆረጣል።»

እስክሪብቶዬ በሁለቱ ሣጥን መካከል ቆመ። «‹አልተረጨም› የሚል ሣጥን የለም?» አልኩ። የለም። ወረቀቱን ገልብጬ ጀርባውንም አየሁ፤ ባዶ ነው። ከዕቅዱ፣ ከሥልጠናው፣ ከአራቱ ማኅተም በኋላ የቀረኝ አንዲት ምልክት ናት፤ በአንዱ በኩል የእማማ ማንጎ፣ በሌላው በኩል የጋሽ ሰይድ ውኃ አለ።

ከጎናችን ሆነው ሲሰሙ የነበሩት እማማ ይታይሽ ወደ አቶ ይበልጣል ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ ምንም ሳይጻፍበት ቢቀርስ?»

«እንደሱማ ከሆነ ፋይሉ አይዘጋም፣ እማማ።»

«ሳይዘጋ ዛፌን ይቆርጡታል?»

አቶ ይበልጣል ከቦርሳቸው መመሪያውን አወጡ፤ ገጽ ገለበጡ፤ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። «ፋይሉ እስኪዘጋ ድረስ ዛፉ በሙከራ ላይ ያለ ስለሆነ… ማንም ሰው ሊቆርጠውም ሆነ ሊነካው አይችልም።»

«እስከ መቼ?»

«ቀነ ገደብ አልተቀመጠለትም። እስኪዘጋ ነው።»

እማማ ወደኔ ዞሩ። «እንግዲያው አይዘጋ» አሉ።

እስክሪብቶውን ኪሴ ከተትኩ። አቶ ይበልጣል ጠርሙሱን በፊርማ ተረከቡና፣ ኤክሱ ላይ «በሙከራ ላይ ያለ ዛፍ፤ መንካት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ለጥፈው ሄዱ።

በሳምንቱ እሑድ ግን ያለ ቦርሳ፣ ያልተተኮሰ ሸሚዝ ለብሰው ተመልሰው መጡ። ሹም አቦ ሰፈር ያለው ግቢያቸው ውስጥ አንድ ማንጎ እንዳላቸው፣ ቅጠሉም ነጭ እንደሆነ፣ ገና ለማንም እንዳላመለከቱ በሹክሹክታ ነገሩን። «ለመሆኑ ለአንድ ባልዲ ሳሙናው ምን ያህል ነው?» አሉ።

ጋሽ ሰይድ መዶሻቸውን አስቀምጠው ከላይ እስከ ታች አዩዋቸው። «የጎረቤትህን ስምምነት ይዘሃል?» አሏቸው።

ከዚያ ራሳቸው ጨርቁን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው አብረዋቸው ሄዱ። እኔም ባልዲ ይዤ ተከተልኩ።

ከመሥሪያ ቤቱ በየወሩ ማስታወሻ ደብዳቤ ይደርሰኛል፤ «የሙከራውን ውጤት ባለማቅረብዎ ፋይልዎ እስካሁን ያልተዘጋ መሆኑን እናሳውቃለን» ይላል። ባለፈው የመጣውን ያነበብኩት ከዛፉ ሥር፣ ከእማማ ይታይሽ ጎን ተቀምጬ ነው። ያልተዘጋ ፋይል ካለብኝ እህል እንደማይወርድልኝ ነግሬያችኋለሁ። ማንጎ ግን ይወርዳል፤ ያን ቀን ሦስተኛዬን ልጨምር ስል እንኳ ማንንም አላስፈቀድኩም።